የቫልቭ ሕመም፣ የደከመ የልብ ጡንቻ እና ካርኒቲን፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ታናሽ እኅቴ 32 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ቶንሲል ይመላለስባት ነበር፤ ኋላም የልብ ቫልቭ ሕመም እንዳለባት ታወቀ። በግራው የልብ ክፍል ያለው የማይትራል ቫልቭዋ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ የብረት ቫልቭ ተገጥሞላታል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ትወስዳለች፣ የፔኒሲሊን የወር መርፌዋንም አታቋርጥም። ይሁንና ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይደክማታል። ውጭ አገር ያለ የአጎታችን ልጅ፣ በቫልቭ ሕመምተኞች የልብ ጡንቻ ውስጥ ካርኒቲን የሚባል ንጥረ ነገር አንሶ እንደሚገኝ አንብቦ፣ ክኒኑን ገዝቶ በሰው ላከላት። እናታችን ደግሞ «ያደከማት ጾሙ ነው፤ ሥጋና ወተት ሳትቀምስ ሁለት ወር ትቆያለች» ትላለች። አንድ ጓደኛችንም የወር መርፌው ካርኒቲንን ይጨርሳል ብሎናል። የማንን እንስማ? ክኒኑንስ ትጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እኅትዎ ክኒኑን እንዳትጀምር፣ ጀምራም ከሆነ ለሚከታተላት ሐኪም ዛሬውኑ እንድትናገር ያድርጉ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ። የአጎትዎ ልጅ ያነበበው ነገር ሐሰት አይደለም፤ ስሕተቱ የተፈጠረው ከግኝቱ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ክኒኑ ሲሻገር ነው።

ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ኃይል አብዛኛውን፣ በተለመደው ሁኔታ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን፣ የሚያገኘው ከስኳር ሳይሆን ከቅባት ነው። ቅባቱ የሚቃጠለው በሕዋሱ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት ክፍሎች ሲሆን፣ ረጃጅሞቹ የቅባት አሲዶች ግን የማይቶኮንድሪያን የውስጥ ሽፋን በራሳቸው ማለፍ አይችሉም። ካርኒቲን ለእነርሱ በጣና ላይ እንዳለ ታንኳ ነው፤ በወዲህ ዳር ጭነቱን ይቀበላል፣ ያሻግራል፣ በወዲያ ዳር አራግፎ ባዶውን ይመለሳል። ባዶው ነጻ ካርኒቲን፣ ጭነት የያዘው ደግሞ አሲልካርኒቲን ይባላል። ንጥረ ነገሩ ከሥጋ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ቢሆንም፣ ቅባትን በማቃጠል ረገድ ያለው ሚና መታወቅ የጀመረው ግን ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ ነው።

በቫልቭ ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ሊካሄድ የቻለው በራሱ በቀዶ ሕክምናው ምክንያት ነው። የማይትራል ቫልቭ ክዳኖች በቀጫጭን ጅማቶች አማካይነት ፓፒላሪ ከሚባሉ፣ ከግራው የልብ ክፍል ግድግዳ ወጣ ብለው ከቆሙ ጡንቻዎች ጋር ተያይዘዋል። በቀድሞው አሠራር የታመመው ቫልቭ ተቆርጦ ሲወጣ ጅማቶቹና የጡንቻው ጫፍ አብረው ይወጡ ስለነበር፣ ከሕያው ሰው ልብ የተገኘ ቁራጭ ጡንቻ ለምርመራ ይቀርብ ነበር። ቁራጩ ወዲያውኑ በፈሳሽ ናይትሮጅን መቀዝቀዝ አለበት፤ ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ነጻ ካርኒቲኑ እየቀነሰ፣ ጭነት የያዘው እየበዛ ስለሚሄድ፣ የዘገየ ናሙና የሚነግረን ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ መዘግየቱ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ጥናቶችን የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ ሊመለከተው የሚገባው፣ በእኔ አስተያየት፣ ውጤቱን ሳይሆን ናሙናው እንዴት እንደተያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይ በጃፓን ሐኪሞች፣ የተደረጉት ልኬቶች ያሳዩት ይህን ነው፦ የቫልቭ ሕመማቸው ወደ ልብ ድካም ያደረሳቸው ሰዎች የልብ ጡንቻ ውስጥ ነጻው ካርኒቲን ከጤነኛ ልብ ጋር ሲነጻጸር አንሶ፣ የረጃጅም ቅባቶችን ጭነት እንደያዘ የቀረው ደግሞ በዝቶ ተገኝቷል። ይህም ማለት የታንኳዎቹ ቁጥር ማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ ካሉትም ውስጥ ብዙዎቹ ሳያራግፉ መቅረታቸው ነው። ይሁን እንጂ የደከመ ልብ ያላቸው ሰዎች ደማቸው ሲመረመር ካርኒቲኑ አልጎደለም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከጤነኞች ከፍ ብሎ ይገኛል። የእናትዎንም ሆነ የአጎትዎን ልጅ ሐሳብ የሚፈትነው ይህ ነጥብ ነው። ጉድለቱ ከምግብ የመጣ ቢሆን ኖሮ ደሙ ሞልቶ ጡንቻው ብቻ ሊጎድል አይችልም ነበር።

ታዲያ ደሙ ሞልቶ ሳለ ጡንቻው ለምን ጎደለው? የልብ ጡንቻ ካርኒቲንን ራሱ ሠርቶ መጨረስ አይችልም። የመጨረሻው የአሠራር ደረጃ የሚከናወነው በዋናነት በጉበትና በኩላሊት ስለሆነ፣ ልብ የሚያገኘው ከደም ስቦ ነው። በልብ ሕዋስ ውስጥ ያለው መጠን በደም ካለው በብዙ አሥር እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ይህን ልዩነት ተቋቁሞ የሚያስገባ ኦሲቲኤን 2 የተባለ ልዩ ፕሮቲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ አለ። በደከመ ልብ ውስጥ ይህ አስገቢ ፕሮቲን እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ለዓመታት በጫና የተወጠረ የሕዋስ ሽፋንም የያዘውን አጥብቆ የመያዝ አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ በቫልቭ ሕመምተኞች የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለው የካርኒቲን ማነስ በአብዛኛው የድካሙ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። መነሻው የጠበበው ወይም የሚያፈሰው ቫልቭ፣ ከእርሱም በፊት በልጅነት በወጉ ሳይታከም ያለፈው የጉሮሮ ሕመም ነው።

ወደ ጾሙ ልመለስ። ሥጋ የሚበላ ሰው በቀን ከ60 እስከ 180 ሚሊግራም የሚደርስ ካርኒቲን ከምግቡ ሲያገኝ፣ የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የማይቀምስ ሰው የሚያገኘው ከ10 እስከ 12 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ሲታይ እናትዎን ያስደነግጣል፣ እውነትም አላቸው። ነገር ግን ሰውነት ካርኒቲንን ላይሲንና ሜታዮኒን ከሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ራሱ ይሠራል፤ ለዚህም ብረት፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ቢ6 እና ኒያሲን ይረዱታል። ላይሲን በሽሮና በምስር ውስጥ በብዛት ሲገኝ፣ ሜታዮኒን ደግሞ ከጥራጥሬው ይልቅ በእህሉ ውስጥ ይሻላል፤ እንጀራ በሽሮ የሚበላ ጿሚ ሁለቱንም ከአንድ ትሪ ያገኛል። ኩላሊትም በበኩሉ ካጣራው ካርኒቲን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን መልሶ ወደ ደም ያስገባል፤ ከምግብ የሚመጣው ሲያንስም ይበልጥ ይቆጥባል። በዚህ ምክንያት ከእንስሳት ተዋጽኦ በሚርቁ ጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥ መጠኑ ጥቂት ዝቅ ቢልም በሕመም የሚገለጽ ጉድለት አይታይባቸውም። ለጣና ዳር ሰው ዓሣ ይተካዋል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝም፣ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ያለው ካርኒቲን ከበሬ ሥጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ኮድ በተባለው የባሕር ዓሣ ላይ የተለካው በ100 ግራም ከ10 ሚሊግራም በታች ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ለአባቶች እተዋለሁ።

ስለ ወር መርፌው ጓደኛችሁ የሰማው ነገር ከሌላ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎበት ይመስለኛል። ፒቫሌት የተባለ ውሕድ ያለባቸው አንዳንድ አንቲባዮቲኮች፣ ለምሳሌ ፒቫምፒሲሊን፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ካርኒቲንን ይዘው በሽንት እንዲወጣ ያደርጋሉ። የእኅትዎ መርፌ ግን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ፒቫሌት የለበትም። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ተመልሶ መጥቶ የቀሩትን ቫልቮች እንዳይጎዳ ነው። ይህን መርፌ በወሬ ምክንያት የሚያቋርጥ ሰው ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ።

አሁን ወደ ክኒኑ። የካርኒቲን ተስፋ የተነሣው በከንቱ አልነበረም። አስገቢው ፕሮቲን ከውልደት ጀምሮ የማይሠራላቸው ልጆች አሉ፤ በሰሜን አትላንቲክ ባሉት የፋሮ ደሴቶች ከ300 ሰው አንዱ ያህል ይህ ችግር ይገኝበታል። እነዚህ ልጆች ልባቸው ተለጥጦ ሊሞቱ ሲደርሱ በከፍተኛ መጠን ካርኒቲን ሲሰጣቸው ልባቸው ወደ መጠኑ ይመለሳል፤ በሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽ ለውጥ ብዙ ጊዜ አይታይም። ይሁን እንጂ በእነርሱ ዘንድ የካርኒቲን መጥፋት ራሱ ሕመሙ ሲሆን፣ በቫልቭ ሕመምተኛ ዘንድ የሕመሙ ተከታይ ነው። በአዋቂዎች ላይ የተደረጉት ትልልቆቹ ሙከራዎች ደግሞ በቫልቭ ሕመምተኞች ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጡንቻ መሞት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 በኢጣልያ የወጣው ሲዲም የተባለው ሙከራ ካርኒቲን የልብን መለጠጥ እንደሚቀንስ አሳይቶ ተስፋ ሰጠ፤ በ2006 የወጣውና ከ2,300 በላይ ሰዎችን ያካተተው ተከታዩ ሙከራ ግን፣ በስድስት ወር ውስጥ በሞትና በልብ ድካም ላይ ትርጉም ያለው ልዩነት አላገኘም። በክኒን የሚወሰደውም ካርኒቲን ወደ ደም የሚገባው ከ14 እስከ 18 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው፤ የቀረው በአንጀት ውስጥ የባክቴሪያ ሲሳይ ይሆናል፤ በዚህ ላይ በሦስተኛው ጥያቄ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ዋርፋሪኑ ነው። ዋርፋሪንን ወይም መሰሉን አሴኖኩማሮልን የሚወስዱ ሰዎች ካርኒቲን ሲጨምሩ አይኤንአር የተባለው የደም መርጋት መለኪያ ከፍ እንዳለባቸው የሚገልጹ ሪፖርቶች አሉ። በማይትራል ቦታ የብረት ቫልቭ ለተገጠመለት ሰው የሚፈለገው አይኤንአር ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚያ ካነሰ በቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ሊዘጋው ወይም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ከዚያ ከበዛ ደግሞ በአንጎል ወይም በሆድ ውስጥ መድማት ይመጣል። እንዲህ በጠባብ መንገድ ላይ ላለ ሰው፣ ጥቅሙ ያልተረጋገጠ ክኒን ማከል ተገቢ አይደለም።

በዚሁ ምክንያት ጾሙ የእኅትዎን ጤና የሚነካው በካርኒቲን በኩል ሳይሆን በጎመን በኩል ነው። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ የሚያከሽፈው ቫይታሚን ኬ በብዛት አለበት። በዐቢይ ጾም ጎመን በየቀኑ ማዕድ ላይ ይቀርብና አይኤንአር ዝቅ ይላል፤ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፤ ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ይቀርና ዶሮው ይተካል፣ ጠላና አረቄም ይጨመርበታል፤ በዚያው ከፍ ባለ የዋርፋሪን መጠን ላይ ሳለች አይኤንአርዋ ያሻቅባል። ጎመን ይቅር ማለቴ አይደለም፤ በጾምም በፍስክም መጠኑን ሳትቀያይር ትብላ። ጾሙ በገባ በሳምንቱ፣ ከተፈታም በሳምንቱ አይኤንአርዋን ትለካ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚሸጡትን ዲክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን ትራቅ።

ድካሟ ግን ሊናቅ አይገባም። ዋርፋሪን የምትወስድ ወጣት ሴት የወር አበባዋ ሊበዛ፣ በዚያም ደም ማነስ ሊይዛት ይችላል፤ ሴቶች ይህን ለሐኪም ሳይናገሩ ለዓመታት ይቆያሉ፣ ስለዚህ እርስዎ ወይም እናትዎ ይጠይቋት። ከዚህ ሌላ የልብ ምቷ የተዛባ መሆን አለመሆኑ በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በሚመዘግበው ምርመራ)፣ የተገጠመው ቫልቭ በትክክል መከፈቱና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) መታየት አለባቸው። ክትትሏ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን በጥበበ ግዮን፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ «ደረጃ ስወጣ ይደክመኛል» ብላ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደምታርፍ ጭምር ታስረዳ። እርግዝና ካሰበችም ከመጸነሷ በፊት ታማክር፤ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ በጎርጎራ አካባቢ የምሠራ የጤና ባለሙያ ነኝ። የማይትራል ቫልቭ መጥበብ ያለባት አንዲት ሕመምተኛ፣ በግል ላቦራቶሪ በኩል ደሟ ወደ ውጭ ተልኮ ካርኒቲኗ እንዲለካ ትፈልጋለች። ውጤቱ ስለ ልቧ ምን ሊነግረን ይችላል?

መልስ፦ ስለ ልቧ ምንም አይነግራችሁም። በሰውነት ካለው ካርኒቲን ውስጥ በደም የሚገኘው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው፤ አብዛኛው በጡንቻ ውስጥ ነው። ከላይ እንደገለጽኩት የደከመ ልብ ባላቸው ሰዎች የደሙ መጠን ከጡንቻው ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ሊሄድም ይችላል። የጡንቻውን መጠን ማወቅ የሚቻለው ከልብ ቁራጭ በመውሰድ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ለሕክምና ውሳኔ ብሎ የሚያደርግ የለም። የደም ምርመራው ዋጋ የሚኖረው ምክንያቱ ያልታወቀ የልብ መለጠጥ ባለበት ሕፃን፣ ለረጅም ጊዜ የኩላሊት እጥበት በሚደረግለት ሰው፣ ወይም ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮየት በሚወስድ ሕመምተኛ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። በማይትራል መጥበብ ላይ ጫናው የሚያርፈው በግራው የላይኛ ክፍል፣ በሳንባና በቀኙ ልብ ላይ ነው፤ የግራው ታችኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የቫልቭ ማፍሰስ ሲሆን ግን እርሱ ራሱ ይለጠጣል። ስለዚህ «የቫልቭ ሕመም» በሚል አንድ ስም ተጠቅልለው የሚቀርቡ የጡንቻ ልኬቶች ሁሉ ለእርስዎ ሕመምተኛ እኩል ይሠራሉ ማለት አይደለም። ለላቦራቶሪው ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ወደ ባሕር ዳር መጥታ ኢኮ እንድትታይበት ቢውል ይሻላል። ጤነኛ የማይትራል ቫልቭ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ይከፈታል፤ ወደ 1.5 እና ከዚያ በታች ከወረደ መጥበቡ ከባድ ነው፤ ምልክትም ካለባት የማስፋት ሕክምና የሚታሰብበት ጊዜ ነው። የክዳኖቹ ሁኔታ ከፈቀደ፣ ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1984 ባስተዋወቀው ዘዴ፣ ደረት ሳይከፈት በእግር የደም ሥር በኩል በሚገባ ባሉን ሊሰፋ ይችላል። ሪፈር ሲጽፉላት የትንፋሽ ማጠሯን ደረጃ፣ ተኝታ መተንፈስ ትችል እንደሆነ፣ እና ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗን መጻፍ አይርሱ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመት የሆነው ወንድሜ ጂም ይሠራል። ቅባት ያቃጥላል ተብሎ ኤል ካርኒቲን በጠርሙስ ይጠጣል። ባለፈው ዓመት ሌላ ሕመም ሊታይ ሄዶ ሐኪሙ የልቡ ድምፅ ትክክል እንዳልሆነ ነግሮት ነበር፤ ኢኮ ታዞለት አልተነሣም። ያሰጋዋል?

መልስ፦ ካርኒቲኑ የሚያሰጋው ከኢኮው ያነሰ ነው። ጤነኛ ሰው ያለው ካርኒቲን ቅባቱን ለማሻገር ስለሚበቃው፣ ተጨማሪው ብዙ የሚፈይድለት ነገር የለም። በአንጀት ሳይገባ የሚቀረውን ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፤ ጉበትም ቲኤምኤኦ ወደሚባል ውሕድ ያደርሰዋል። በአሜሪካ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ ይህ ውሕድ ከደም ሥር መጥበብ ጋር ግንኙነት አለው። የሚገርመው፣ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ካርኒቲን ተሰጥቷቸው የሚያመነጩት ቲኤምኤኦ ከሥጋ በላተኞች እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው። በቀን 3 ግራም ያህል የሚጠጣ ሰው ደግሞ ላቡ የዓሣ ጠረን ሊያመጣ ይችላል፤ ይህን ቢነግሩት ከእኔ ምክር ይልቅ ይሰማዎት ይሆናል።

የተዛባው የልብ ድምፅ ግን ሊቆይ የሚገባው አይደለም። በዕድሜው ያሉ የአገራችን ወጣቶች የቫልቭ ሕመም ይዟቸው ሳያውቁ ለዓመታት ይኖራሉ፤ በልጅነቱ መገጣጠሚያው እያበጠ፣ ሕመሙም ከጉልበት ወደ ክርን እየተዘዋወረ ተኝቶ እንደነበር እናታችሁን ይጠይቁና መልሱን ለሐኪሙ ያድርሱ። የታዘዘለትን ኢኮ በዚህ ሳምንት ይነሣ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ከባድ ክብደት ማንሣቱን ያቁም።